የጠራ ውሃ ሁሉ ለዋና ደኅና ነው?

ሐርጌሳ ሐይቅ የላትም። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ግን በድንገት በጎርፍ ይሞላል። መዋኘት ያማረው ነዋሪ ወደ በርበራ የባሕር ዳርቻ ይወርዳል። ተራሮች ያቀፉትን ሐይቅ የሚሻ ግን ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ መውጣት ይኖርበታል።

ከእነዚህ ሐይቆች አንዱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ወንጪ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ተኝቷል። ውበቱ ይጋብዛል። ይሁን እንጂ የውሃ መጥራት ለደኅንነቱ ዋስትና አይሆንም።

ቅዝቃዜ ለምን ያሰጋል?

ሰውነት በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፤ ትንፋሹና የልብ ምቱ ይፈጥናሉ። በዚያች ቅጽበት ፊቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ ጎበዝ ዋናተኛም ሊሰጥም ይችላል። ድንጋጤው በጥቂት ደቂቃዎች ስለሚበርድ፣ ባለሙያዎች ከመታገል ይልቅ በጀርባ ተንሳፍፎ መረጋጋትን ይመክራሉ። የእንዲህ ዓይነት ሐይቆች ዳርቻ ገደላማ በመሆኑም ከጥቂት እርምጃ በኋላ እግር መሬት ሊያጣ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እአአ በ2021 ብቻ 300,000 ገደማ ሰዎች በውሃ ሰጥመው ሞተዋል።

የማይታየው ጥገኛ ትል

ከደጋው ዝቅ ባሉ ሐይቆች ደግሞ ሌላ ስጋት አለ፤ ቢልሃርዝያ። በሽታውን የሚያመጣው ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ ወደ ውሃው ወጥቶ የሰውን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በዓይን አይታይም። ጣና እና ዝዋይ ሐይቆች በሽታው ከሚገኝባቸው ስፍራዎች ይመደባሉ። በአንጻሩ ውሃው ቡናማ የሆነው ላንጋኖ ከቢልሃርዝያ ነፃ በመሆን ይታወቃል።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ለዓለም ያበረከተችው ዕውቀት አለ። እአአ በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ይህም እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለተረጋገጠበት ምርምር መነሻ ሆነ።

ከመዋኘትዎ በፊት

ስለ ሐይቁ የአካባቢውን ነዋሪዎችና የጤና ባለሙያዎች ይጠይቁ፤ ብቻዎን አይዋኙ፤ ዘለው ሳይሆን ቀስ ብለው ይግቡ። ከዋና በኋላ በቀናት ውስጥ ቆዳዎን ካሳከከዎት ወይም በሳምንታት ውስጥ ትኩሳትና ሳል ከተሰማዎት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የት እንደዋኙም ይንገሩ። ቢልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒት ይታከማል።