ክረምት ለሳሉግ የትምህርት ወቅት አይደለም

የሰሊጥ ወቅት በመጣ ቁጥር ከመተማ እስከ ሱዳኑ ገዳሪፍ የሚሰማው ሮሮ አይለወጥም። ባለ እርሻው «ሰው ጠፋ፣ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም» ይላል። የሥልጠና ኃላፊው «ክፍል ከፍተን ሠራተኛው አልመጣም» ይላል። ሳሉግ የሚባለው የቆላ የቀን ሠራተኛ ደግሞ «የተማረውስ የት ደረሰ?» ብሎ ይመልሳል። ከዚህ ሁሉ ተጨምቆ የሚወጣው ድምዳሜ ሠራተኛው መማር አይፈልግም የሚል ነው። ድምዳሜው ስህተት ነው፤ በስህተቱም ላይ በጀት እየፈሰሰ ነው።

መጀመሪያ የቆላውን የሥራ ዑደት እንይ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ለሠራዊታቸው ቀለብ ብለው በገዳሪፍ ማሽላ በትራክተር ማረስ ከጀመሩ ወዲህ፣ በዚያ ሜዳ ማረሱና መዝራቱ የማሽን ሥራ ሆኗል። አረሙና አጨዳው ግን ዛሬም በአብዛኛው በሰው እጅ ነው። በተለይ ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ፍሬ መያዣው ሲደርቅ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ሳይደርቅ ታጭዶ፣ ታስሮና ሂላ በሚባል ክምር ቆሞ መድረቅ አለበት። አጨዳው በቀናት ከዘገየ ምርቱ ለአፈር ነው። በሐምሌና በነሐሴ አረም፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት አጨዳ፤ የቀን ዋጋ ጣሪያ የሚነካው በእነዚህ ወራት ነው። በየካቲትና በሚያዝያ መካከል ደግሞ ያው ጉልበት ፈላጊ ያጣል።

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ለሚሠራ ጎልማሳ የትምህርት ዋናው ዋጋ የመመዝገቢያው ክፍያ አይደለም፤ ክፍል በተቀመጠባቸው ቀናት የሚያጣው ገቢ ነው። ይህ ገቢ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለስሌት ያህል የ45 ቀን ኮርስ እንውሰድ፤ ክፍያው 3,000 ብር ነው እንበል። በአረም ወቅት የቀን ዋጋ 600 ብር ቢሆንና ሥራው በየቀኑ ቢገኝ፣ ሠልጣኙ የሚያጣው 27,000 ብር ነው። በመጋቢት ዋጋው 200 ብር ቢሆንና ሥራ የሚገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢሆን፣ የሚያጣው 2,600 ብር ገደማ ነው። መንግሥት ወይም በጎ አድራጊ ድርጅት «ሥልጠናው በነፃ ነው» ሲል 3,000ውን ብቻ አነሳለት። ወሩን ቢቀይርለት ግን ከ24,000 ብር በላይ አዳነው። ነፃ ሥልጠና ተከፍቶ ወንበሩ ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። «በወቅቱ ጥሩ ገንዘብ ስለሚያገኝ መማር አያቅተውም» የሚለው ክርክርም ነገሩን ይገለብጠዋል። የወቅቱ ገቢ የዓመቱ ቀለብና የብድሩ መክፈያ ነው፤ ትምህርቱን የሚያስወድደውም ያው ጥሩ ገንዘብ ነው።

ሥልጠናን በክረምት መስጠት የሚመቸው ለመምህራን ነው። መምህር በክረምት ትምህርት ቤቱ ስለሚዘጋ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ደረጃውን ያሻሽላል፤ ደመወዙም አይቋረጥም። ለእሱ ክረምት ርካሹ ወቅት ነው። ለሳሉግ ግን ከውድ ወራቱ ዋነኛው ነው። የማታው ኤክስቴንሽንም የተሠራው ጎንደርና አዲስ አበባ ቢሮ ውሎ ለሚወጣ ሰው ነው፤ ከከተማ ርቆ እርሻ ላይ የሚያድር ሠራተኛ ማታ የሚደርስበት ክፍል የለውም።

ባለ እርሻውስ ለምን አያሠለጥንም? ስስት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከኢኮኖሚስቱ ጋሪ ቤከር ጋር ነኝ። በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ በየትኛውም አሠሪ ዘንድ የሚያገለግል ሙያ ከሠራተኛው ጋር ስለሚሄድ አሠሪው ወጪውን አይችልም፤ ሠራተኛው ራሱ በዝቅተኛ ደመወዝ ይከፍለዋል። የትራክተር ረዳት ለዕለት ጉርሱ ያህል እየሠራ ሾፌርነት የሚማረው በዚህ መንገድ ነው። በኮንትራት አርሞ ለልጆቹ የሚልክ አባት ግን ያንን ክፍያ ከየት ያመጣል? ገበያው ብቻውን የማይሞላው ክፍተት ይህ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ መግባት ያለበትም እዚህ ነው።

«ይህን ያህል ሺህ ሰው አሠለጠንን» የሚለውን ዓመታዊ ሪፖርት እኔ አላምነውም። የሚቆጥረው የተመዘገበውን ነው። ስንቱ እንደጨረሰ፣ ከጨረሰው የስንቱ የቀን ዋጋ እንደጨመረ የማይናገር ቁጥር የሥልጠና መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ድንበሩ ሌላ ችግር ይጨምራል። ስለ ከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች ዕውቅና በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የፀደቀ አህጉራዊ ስምምነት አለ። ስምምነቱ ለባለ ዲግሪው ነው። ገዳሪፍ ላይ ለዓመታት ትራክተር ነድቶ በገላባት በኩል የተመለሰ ሰው በእጁ ወረቀት የለውም። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ በኋላ በመተማ ከገቡት መካከልም ሙያ እያላቸው ማስረጃ የሌላቸው አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ኮርስ መስጠት የሚያውቁትን እንደገና ማስተማር ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ምዘና ነው።

ስለዚህ ሥልጠናው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይሁን። ቦታውም መተማ ሳይሆን ሠራተኛው ያን ጊዜ የሚገኝበት የትውልድ ወረዳ፣ ለምሳሌ በለሳና ጋይንት ይሁን። በጀቱ ከክፍያ ነፃ ማድረግ ላይ ከሚያልቅ ለጠፋው የሥራ ቀን አበል ይሁን። የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) መዛኞችም እርሻው ድረስ ሄደው የትራክተር ሾፌሩንና የፀረ ተባይ ረጪውን በሥራው ላይ ይመዝኑ። ባለ እርሻው ብክነቱ ይቀንስለታል፣ የሠራተኛው ዋጋም ከወቅቱ ውጭ አይወድቅም። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ የሥልጠናውን የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጡት ክፍሎች የሰሊጡን ወቅት አይተው ያውጡት።