ባለ ሁለት ከረጢቱ ክለብ

በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች፣ አንድ ባንክ፣ አንድ ነዳጅ ማደያና ሁለት ሦስት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ባሉባቸው እንኳ፣ በመግቢያው መንገድ ዳር አንድ ክብ ምልክት ብዙ ጊዜ አይታጣም። መሃሉ ላይ «ኤል» ፊደል አለ፤ ከግራና ከቀኙ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ውጭ ያዞሩ ሁለት አንበሶች። አንዱ ያለፈውን፣ ሌላው የሚመጣውን ያያል ይባላል። የላየንስ ክለብ ምልክት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የከተማው እሳት አደጋ ጣቢያ በር ተከፍቶ፣ የቅቤና የቡና ሽታ ወደ ውጭ ከመጣ ግቡ። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ፣ ብዙዎቹ የሸበቱ ሰዎች ሰፊ የብረት ምጣድ ከበው ፓንኬክ ይጋግራሉ። አንዱ ሊጥ ያፈሳል፣ ሌላው ይገለብጣል፣ አንዷ ቡና እየቀዳች ትዞራለች። በር ላይ ገንዘብ የሚቀበለው ሰው በሥራ ቀን የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ወይም ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ሊሆን ይችላል። ለዚህ ጠዋት ማንም አይከፈለውም።

ያ ገንዘብ የት ይገባል? ክለቡን ለማወቅ ከዚህ ጥያቄ መነሣት ይሻላል።

እያንዳንዱ ክለብ ሁለት ሒሳብ ይይዛል። በአንደኛው አባላቱ ከኪሳቸው የሚያዋጡት ይገባል፤ የስብሰባው እራት፣ የጽሕፈት ወጪና ለዓለም አቀፉ ማኅበር የሚላከው ዓመታዊ ክፍያ የሚሸፈነው ከዚህ ነው። በሁለተኛው ከሕዝብ የተሰበሰበው ይቀመጣል፤ የፓንኬኩ፣ የሎተሪው፣ በገበያ ቀን በቆርቆሮ የተለመነው ሁሉ። የዝግጅቱ የራሱ ወጪ ከተነሣ በኋላ ከዚህ ከረጢት ለክለቡ እራት አንድ ሳንቲም አይወጣም። ከሕዝብ የመጣ ወደ ሕዝብ ይመለሳል። የክለቡ ጥንካሬ ከምልክቱም ከስሙም ይልቅ እዚህ ደንብ ላይ ያለ ይመስለኛል።

እድር ውስጥ ያደገ ሰው ክለቡን ለመረዳት አይቸገርም። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አሉ። የእድሩን ድንኳንና ወንበር የሚጠብቅ ሰው እንዳለ፣ እዚያም ባንዲራውን፣ ደወሉንና የሰብሳቢውን መዶሻ የሚጠብቅ ሹም አለ፤ «አንበሳ ገሪ» ይሉታል። ቅጣትም አለ፤ ቀጪው ደግሞ «ጭራ ጠምዛዥ» ይባላል። አርፍዶ የመጣውን፣ የክለቡን ዓርማ ደረቱ ላይ ሳያደርግ የተቀመጠውን፣ አንዳንዴም ልጁ የተመረቀለትንና ደስታውን ያልተናገረውን ሳይቀር እያስነሣ ጥቂት ያስከፍላል። ቤቱ ይስቃል፤ ደንቡ ግን የጸና ነው። የቅጣቱን ጣሪያ የሚወስነው የክለቡ ቦርድ ነው፤ ቀጪው የሰበሰበውን ወዲያው ለገንዘብ ያዡ አስረክቦ ደረሰኝ ይቀበላል፤ እሱን ራሱን ለመቅጣት የተገኙት አባላት ሁሉ በአንድ ድምፅ መስማማት አለባቸው።

ከእድር የሚለየው ግን ዋናው ላይ ነው። እድር ለአባሉ የቆመ ነው፤ ቀብር ሲደርስ ወንበሩም ድንኳኑም ሰዉም ወደ አባሉ ቤት ይሄዳል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ላየንስ ደግሞ የአባላቱን ገቢ ማሳደግ ዓላማው እንዳይሆን ከጅምሩ ተከልክሏል። ክልከላው የመጣው ከመሥራቹ ሐሳብ ነው። ሜልቪን ጆንስ በቺካጎ የኢንሹራንስ ሰው ነበር። እሱ ጸሐፊ የሆነበት የነጋዴዎች ክበብ ምሳ እየበላ እርስ በርሱ ደንበኛ የሚለዋወጥ ስብስብ ነበር። ጆንስ እነዚህ በንግድ የተሳካላቸው ሰዎች ጉልበታቸውን ለሚኖሩበት ከተማ ቢያውሉትስ ብሎ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1917 ከሌሎች ከተሞች የመጡ ክለቦችን ቺካጎ ላይ ሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ዳላስ ላይ የመጀመሪያው ጉባኤ ተካሄደ። ዛሬ በ200 ገደማ አገሮችና ግዛቶች ወደ 1.4 ሚሊዮን አባላት አሉት።

ክለቡ ለዓይን መሥራት የጀመረው በአንዲት ሴት ንግግር ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ማየትም መስማትም የተሳናት ሄለን ኬለር እ.ኤ.አ. በ1925 ኦሃዮ፣ ሴዳር ፖይንት ላይ በተደረገው ጉባኤ ተገኝታ፣ ጨለማን ለመዋጋት የዓይነ ስውራን ፈረሰኛ ጀግኖች ሁኑ ስትል ጠየቀቻቸው። ሰሟት። ከአምስት ዓመት በኋላ በኢሊኖይ ፒዮሪያ ከተማ ጆርጅ ቦንሃም የተባለ የክለቡ መሪ አንድ ዓይነ ስውር መንገድ ለመሻገር ሲቸገር አየ። ሰውየው ጥቁር በትር ይዞ ነበር፤ ጥቁሩ በትር ከአስፋልቱ ጋር ተመሳስሎ ለሾፌሮች አይታይም። የፒዮሪያ ክለብ በትሩን ነጭ ቀባው፣ በቀይ ቀለበት ከበበው፤ የከተማው ምክር ቤትም በትሩን ለያዘ ሰው ቅድሚያ የሚሰጥ ደንብ አወጣ። ነጭ በትር በሌሎች አገሮችም የየራሱ አነሣስ አለው፤ በአሜሪካ እንዲህ እንዲስፋፋ ያደረጉት ግን እነዚህ ክለቦች ናቸው። በ1939 ደግሞ በዲትሮይት አካባቢ የነበሩ ሦስት የክለቡ አባላት ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ሚሺጋን ውስጥ አቋቋሙ። እስከ ዛሬ ይሠራል።

አሁን በየከተማው የሚታየው ያገለገለ መነጽር የሚጣልበት ሣጥን ነው፤ በቤተ መጻሕፍት፣ በባንክ፣ በመነጽር ቤት ደጅ ይቆማል። የተሰበሰበው ይታጠባል፣ የመስተዋቱ ቁጥር በመሣሪያ ይለካል፣ ተለይቶ ይታሸጋል፣ መነጽር መግዛት ለማይችሉ ይላካል። ከሚጣለው ግን ብዙው የተቧጨረ ወይም የተሰበረ ስለሆነ ለሰው አይበቃም።

ለዚህ ነው እኔ የትምህርት ቤቱን ምርመራ የማስበልጠው። አባላቱ መዋዕለ ሕፃናት ይሄዱና በእጅ የምትያዝ ካሜራ ሕፃኑ ፊት አንድ ሜትር ያህል ርቀው ይይዛሉ። ልጁ ብልጭ የሚሉትን መብራቶች እያየ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ችግር ይኖርበት እንደሆነ መሣሪያው ያመለክታል፤ ያመለከተባቸው ወደ ሐኪም ይላካሉ። አንድ ዓይኑ የደከመ ልጅ ራሱ አይናገርም፤ በጤነኛው ዓይኑ ያያልና። ወላጁም አያውቅም። ችግሩ በጊዜ ከተደረሰበት ጤነኛውን ዓይን ሸፍኖ ደካማውን ማሠራት ይበቃ ይሆናል፤ ልጁ ካደገ በኋላ ግን ማዳኑ እየከበደ ይሄዳል። ፊደል ገና ያልለየ ልጅ ስለሚመረመርባት ነው ካሜራዋን የወደድኳት።

ከፓንኬኩ ቁርስ የተረፈው ጥቂቱ ከከተማው አልፎ ይሄዳል። ክለቦቹ እ.ኤ.አ. በ1968 ወዳቋቋሙት የእርዳታ ፋውንዴሽን ይልካሉ፤ ከዚያም አንዱ ጅረት እኛ ዘንድ ደርሷል። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከተጫናቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። በሽታው ሕፃን ሳሉ ዓይንን ደጋግሞ ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲጠግግ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ ያኔ ሽፋሽፍቱ በእያንዳንዱ እርግብግብታ ብሌኑን ይፍቃል። ማተባቸው ላይ ወረንጦ ያንጠለጠሉ እናቶችን ያየ ሰው የዚህን ሕመም ትርጉም ያውቃል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ሽፋሽፍት የሚነቃቀለው በዚያ ነው። ላየንስና የካርተር ማዕከል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር የተቀለበሰ ቆብ በቀዶ ሕክምና እንዲቃና፣ መድኃኒት እንዲታደል፣ ልጆች ፊታቸውን እንዲታጠቡ፣ መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈር ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ደግሞ በጤና ሠራተኞችና በፈቃደኞች ጉልበት በአንድ ሳምንት በሚሊዮን ለሚቆጠር ሰው ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት የታደለባቸው ዘመቻዎች ተካሂደዋል። ቀበሌ ላይ ሰዉ ተሰልፎ በዘንግ ቁመቱ ይለካል፤ የክኒኑ ብዛት የሚወሰነው በቁመቱ ነው፤ ለጨቅላዎች የዓይን ቅባት ይሰጣል። የኢትዮጵያ ላየንስ አባላትም በዚህ ሥራ ውስጥ ነበሩበት።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ግን አለ። ክለቡ ሴቶችን በሙሉ አባልነት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ዘግይቷል፤ የዘገየበትን ዋጋም ከፍሏል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ በብዙ ትንንሽ ከተሞች ምጣዱን የሚይዙት እጆች እያረጁ ነው፤ ተተኪ አጥተው የሚዘጉ ክለቦች አሉ። አባልነቱ በግብዣ ነው፤ አንድ አባል ዋስ ሆኖ ካላቀረበው ሰው ዘው ብሎ አይገባም። ድሮ ይህ ጥንቃቄ ነበር። ዛሬ ግን ወደ ከተማ አዲስ የመጣ ሰው፣ በእርድ ፋብሪካም ይሁን በሆስፒታል የተቀጠረ፣ ማንም ሳይጠይቀው ዓመታት ያሳልፋል። እድር የለመደ ሰው ተጠይቆ እምቢ የሚል አይመስለኝም።

የክለቡ ዓመት የሚያልቀው በፈረንጆች ሰኔ 30 ነው። ተሰናባቹ ሰብሳቢ ደወሉንና መዶሻውን ለተተኪው ያስረክባል። ከዚያ በፊት ገንዘብ ያዡ ይነሣና የሁለቱን ከረጢት ሒሳብ፣ አንዱን ከሌላው ሳይቀላቅል፣ ለአባላቱ ያነባል።