ቀንድ አውጣና የበጎች ጉበት

ከባሕር ጠረፍ ርቀን በደጋ የምንኖር ሰዎች ስለ ዛጎልና ስለ ሌሎች ባለ ቅርፊት ፍጥረቶች ሲነገር ብንሰማ፣ «ይህ ለእኛ ምን ይፈይድልናል?» እንል ይሆናል። ነገር ግን ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ውኃ በሚተኛበት ጨፌ፣ የባሕሩ ዛጎል ዘመድ የሆነች አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ትኖራለች። ቁመቷ ከአንድ ሳንቲሜትር እምብዛም አያልፍም። ሆኖም የጉበት ትል ያለ እርሷ ሊራባ ስለማይችል፣ የበጉና የላሙ ጤና በእርሷ መኖርና መሞት ላይ የተመሠረተ ነው።

ነገሩም እንደሚከተለው ነው። የጉበት ትል በበጉ ጉበት ውስጥ ሆኖ የሚጥለው እንቁላል ከፋንድያ ጋር ይወጣል። ውኃ ካገኘ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም እጭ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ቀንድ አውጣዋን ካላገኘ ይሞታል። ካገኛት ግን በሰውነቷ ገብቶ ይበዛል፤ በኋላም ብዙ ሆኖ ወጥቶ በሣር ላይ ይለጠፋል። ያንን ሣር የጋጠ በግ ትሉን ወደ ጉበቱ አስገባ ማለት ነው።

እንግዲህ የቀንድ አውጣዋን መከራ እንመልከት። በባሕር ዳር የሚኖረው ዛጎል ውኃው ሲሸሽበት ቅርፊቱን ገጥሞ ይዘጋል፤ የልቡም ምት ይዘገያል፤ ኦክሲጅን ባያገኝም ለጊዜው ካከማቸው ስንቅ ይኖራል። የእኛይቱ ቀንድ አውጣም በበጋ ጨፌው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ትቀበራለች። መብላትና መራባት ታቆማለች፤ ትንፋሿ ያንሳል፤ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጠው የሰውነቷ ሥራም እጅግ ዝቅ ይላል። ሰው በክፉ ቀን የጎተራውን እህል በቁና እየለካ እንደሚያወጣ፣ እርሷም በሰውነቷ ያለውን ስንቅ በቁጠባ እየበላች ለወራት ትቆያለች። በውስጧ የትል እጭ ያለባት ግን ስንቋ ስለሚዘረፍ ችግሩን የመቋቋም ኃይሏ ይቀንሳል።

ብርድም እንዲሁ ይገታታል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ የእርሷም መራባት፣ በውስጧ ያለው እጭም እድገት ይቆማል። በ26 ዲግሪ ግን የትሉ እንቁላል በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ስለዚህ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አሰላ አካባቢ ዋናው የብርዱ አገር የጉበት ትል ሲሆን፣ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወደ ቆላው ሲወረድ ሌላ ቀንድ አውጣና ሌላ ትልቅ የጉበት ትል ይገኛል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? በበጋ ሜዳው ሁሉ ሲነድ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው የጨፌው ዳር ነው፤ የተራበው በግም ወደዚያው ይሮጣል። በዳሩም ቀንድ አውጣዎቹና ትል የተለጠፈበት ሣር በአንድነት ይጠብቁታል። ስለሆነም ከብቱን ከጨፌው ዳር መከልከል፣ ንጹሕ ውኃ በገንዳ ማጠጣት፣ ረግረጉን በቦይ ማጠንፈፍ ይገባል። መድኃኒቱም በበጋ ቢሰጥ፣ እንቁላሉ ዝናብ ከመምጣቱ አስቀድሞ ይቀንሳል።

በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድም ቀንድ አውጣን የማጥፋት ምርምር የታወቀ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ባጠቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስረድተዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው መድኃኒት ዓሣንም ስለሚጎዳ በጥንቃቄ ካልሆነ አይረጭም።

አንተም በመሥሪያ ቤት ተቀምጠህ የመስኖ ቦይ ወይም የኩሬ ፋይል የምትመረምር አንባቢ ሆይ፤ ይህ ጉዳይ የእረኛው ብቻ አይደለም። ውኃ የሚያፈስ ቦይ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ረግረግ ይፈጥራል፤ ያን ጊዜ ቀንድ አውጣዋን የሚቀጣት በጋ ከላይዋ ተነሣላት ማለት ነው። ውኃ ለገበሬው ሕይወት ነው፤ በሚገባ ካልተመራ ግን የጎረቤቱን በረት ባዶ ያደርጋል። እንግዲያው ፊርማህን ከማኖርህ በፊት፣ «የተረፈው ውኃ ወዴት ይሄዳል?» ብለህ ጠይቅ።