የጅብ ጥላና የጽድ ሥር

የጅብ ጥላ መቼ እንደሚወጣ የማያውቅ የጎጃም ልጅ አይገኝም። መሬቱ ዝናም ከጠገበ በኋላ በወደቀ ግንድ ላይና በረጠበ ቅጠል መካከል ብቅ ይላል። ነገር ግን ያ ጥላ ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካሉ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ኾኖ በአፈርና በእንጨት ውስጥ ተዘርግቶ ይኖራል።

ከእነዚህ ክሮች አንዳንዶቹ የሞተውን እንጨት እያበሰበሱ ወደ አፈር ይመልሱታል። ሌሎቹ ደግሞ ከሕያው ዛፍ ሥር ጋር ውል የገቡ ናቸው። አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ የተባለ ጀርመናዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. ይህን አብሮ መኖር «ማይኮራይዛ» ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም «የእንጉዳይ ሥር» ማለት ነው። (የታዘዘውስ ለባለጸጎች ገበታ የሚፈለገውን ትራፍል የተባለውን እንጉዳይ የማራባት ዘዴ እንዲፈልግ ነበር!)

ውሉ እንዲህ ነው። በቀይ አፈራችን ውስጥ ያለውን ፎስፎረስ ብረትና አሉሚኒየም ጠፍረው ስለሚይዙት የዛፍ ሥር በቀላሉ አያገኘውም። ክሩ ግን ሥር ወደማይደርስበት ጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ፎስፎረሱን እየለቀመ ያመጣል፤ በውኃም በኩል ያግዛል። ዛፉ በፋንታው በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ምግብ ይከፍለዋል፤ ክፍያውም አንዳንድ ጊዜ እስከ 20 በመቶ ይደርሳል። ነገሩ ከእኩል አራሽ ውል ጋር ይመሳሰላል፤ ባለመሬቱ ማን፣ አራሹ ማን እንደ ኾነ ግን መለየት ያስቸግራል።

ዶክተር ተስፋዬ ውበት ከባልደረቦቻቸው ጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች የሚገኙ አገር በቀል ዛፎች፣ ጽድና ጥቁር እንጨት ጭምር፣ ይህ ውል እንዳላቸው አሳይተዋል። የሚያስደንቀው የነዚህ ዛፎች ባልንጀራ ጥላ የማያወጣው ወገን መኾኑ ነው። በሥሩ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይኖራል እንጂ ለዓይን አይታይም። እንግዲህ በጽድ ግርጌ የምናየው የጅብ ጥላ አብዛኛውን ጊዜ አበስባሹ ነው። በባሕር ዛፍ ግርጌ የሚወጣው ግን የዛፉ ወዳጅ ሊኾን ይችላል፤ ባሕር ዛፍ ሁለቱንም ወገን ያስተናግዳልና።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? በየክረምቱ ችግኝ ይዘን ወደ ተራቆተ ኮረብታ እንወጣለን። አፈሩ ከተሸረሸረበት መሬት ግን የክሩም ዘር አብሮ ይመናመናል። ስለዚህ ጽዱን ወስደን ባልንጀራውን ትተንለት እንሄዳለን፤ ሲደርቅ ድርቁንና ፍየሉን ብቻ እንከሳለን።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ አገር በቀል ደን በአብዛኛው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። ችግኝ የሚያፈላ ሁሉ ከደብሩ ፈቃድ ጠይቆ፣ ከአሮጌ ጽድ ግርጌ ቀጫጭን ሥር ያለበትን ጥቂት አፈር ወስዶ በላስቲኩ ካለው አፈር ጋር ቢቀላቅል ባልንጀራው አብሮ ይጓዛል። ጥቂት እፍኝ ይበቃል፤ ዛፉን እስኪያራቁቱ መጫር አይገባም። የተወሰደውም አፈር ፀሐይ ላይ መሰጣት የለበትም።