የመሪ ሥር ማብሪያ፦ ብልሽቱን መለየትና በቤት መቀየር

ከመኪና መሪ ሥር በግራና በቀኝ የሚታዩት ሁለት ማንሻዎች ኮምቢኔሽን ስዊች የሚባለው የኤሌክትሪክ ክፍል እጀታዎች ሲሆኑ፣ ፍሬቻን፣ አጭርና ረጅም የፊት መብራትን እንዲሁም የዝናብ መጥረጊያን ያዛሉ። በየመታጠፊያው ስለሚነኩ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኙት ትናንሽ መዳቦች በጊዜ ብዛት ይበላሉ፣ ግራሶው ይደርቃል፤ መሪው ሲመለስ ፍሬቻውን የሚያጠፋው የፕላስቲክ ጥርስም ሊሰበር ይችላል። ስዊቹን መንቀልና መግጠም በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ትልቁን ጥንቃቄ የሚጠይቀው ወደ ስዊቹ ለመድረስ መነሣት ያለበት ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት ነው።

መለዋወጫ ከመግዛት በፊት ግን ጥፋቱ በእርግጥ የስዊቹ መሆኑ ሊጣራ ይገባል። በአንድ ጎን ያለው ፍሬቻ ከወትሮው ፈጥኖ የሚብለጨለጭ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በዚያ ጎን የተቃጠለ አምፖል ነው። ፊውዞቹ ደኅና ሆነው፣ ሃዛርድ የሚባለውና ፍሬቻዎቹን ሁሉ ባንድነት የሚያበራው ቁልፍ በትክክል እየሠራ፣ በማንሻው የሚታዘዘው ፍሬቻ ብቻ እምቢ ካለ፣ ወይም መብራቱ ማንሻው ሲነካካ በርቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ስዊቹ ያዘነብላል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ሱቅ ሲገዛ፣ አዲሱ ስዊች በመለዋወጫ ቁጥሩና በሶኬቱ ቅርጽ ከአሮጌው ጋር መመሳሰል አለበት። ለጃፓን ገበያ በተሠሩ ባለቀኝ መሪ መኪኖች የፍሬቻው ማንሻ በስተቀኝ ስለሚገኝ፣ ከእነርሱ የተፈታ ያገለገለ ስዊች ስሙ ቢመሳሰልም ለባለግራ መሪ መኪና ላይሆን ይችላል።

የአፈታቱ ዝርዝር በየሞዴሉ ስለሚለያይ የአምራቹን መመሪያ ማየት ግድ ቢሆንም፣ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት የቶዮታ ኮሮላ ሞዴሎች ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። በቅድሚያ የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ይደረጋሉ፣ ሞተሩ ጠፍቶ የባትሪው ነጌቲቭ ገመድ ይፈታል፣ ከዚያም ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይጠበቃል፤ ባትሪው ከተነቀለ በኋላም በኤርባጉ መቆጣጠሪያ ውስጥ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ ስለሚቆይ፣ ይህ ቆይታ የሚታለፍ አይደለም። በመሪው ጎንና ጎን ያሉት ብሎኖች በኮከብ ቅርጽ ቁልፍ ሲላሉ ኤርባጉ ይላቀቃል፤ ቢጫው ሶኬት ከተነቀለ በኋላም ለስላሳ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ከሰው ራቅ ባለ ቦታ ይቀመጣል፤ በተገላቢጦሽ ተቀምጦ ቢፈነዳ ወደ ላይ ይወረወራልና።

ቀጥሎ መሪውና ዘንጉ በምልክት ይለያሉ፣ መካከለኛው ዳዶም ይላላል። ዳዶው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ መሪው በፑለር፣ ማለትም በመንቀያ፣ ቢሳብ ድንገት ተላቆ ፊት ከመምታት ይከላከላል። የመሪው ዘንግ ሽፋን በካቻቪቴ ሲፈታ ስዊቹና በላዩ የተቀመጠው ስፓይራል ኬብል ይታያሉ። ስፓይራል ኬብል መሪው ሲዞር ሳይበጠስ የሚጠቀለልና የሚፈታ፣ ኤርባጉንና ክላክሱን ከመኪናው ጋር የሚያገናኝ ጠፍጣፋ ገመድ ነው። እንዳይዞር በፕላስተር ከታሰረ በኋላ ተነሥቶ፣ የስዊቹ ሶኬቶች መያዣቸው ተጫኖ እንጂ ሽቦው ተጎትቶ ሳይሆን ይላቀቃሉ፤ አሮጌው ወጥቶም አዲሱ በቦታው ይገባል።

መልሶ መግጠሙ የመፍታቱ ግልባጭ ነው፤ ሆኖም ስፓይራል ኬብሉ ተንቀሳቅሶ ከሆነ መሃል ላይ መመለስ አለበት። በተጠቀሱት ኮሮላዎች ይህ የሚከናወነው ኬብሉን እስኪጠብቅ በእርጋታ ወደ ግራ በማዞር፣ ከዚያም 2 ተኩል ዙር ያህል ወደ ቀኝ መልሶ ምልክቶቹን በማገናኘት ነው። ያለዚህ መሪው እስከ ዳር ሲዞር ኬብሉ ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ኬብል ደግሞ ኤርባጉን በግጭት ጊዜ ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። የመሪው ዳዶም በአምራቹ በተወሰነው ኃይል በቶርክ ቁልፍ ይጠብቃል።

ባትሪው ከተገናኘ በኋላ ፍሬቻው፣ መብራቶቹ፣ መጥረጊያውና ክላክሱ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ፤ ፍሬቻው መሪው ሲመለስ ራሱን ማጥፋቱም ይታያል። ቁልፍ ሲከፈት የበራው የኤርባግ ምልክት ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ካልጠፋ ግን የቤት ሥራው እዚያ ያበቃል፤ ከመለኪያ መሣሪያ የሚወጣ አነስተኛ ኤሌክትሪክም ቢሆን ከረጢቱን ሊያፈነዳ ስለሚችል፣ የኤርባጉን ሽቦ በቤት መልቲሜትር ከመፈተሽ ተቆጥቦ ምርመራውን ለሙያተኛ መተው ይገባል።