ከወሊድ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሕመም ማስታገሻ አሰጣጥ፦ የመንገዶች ንጽጽር

መግቢያ

ጎብዬ በወልድያና በቆቦ መካከል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ምጥ የጠናባት የአካባቢው እናት ቀዶ ሕክምና ካስፈለጋት ወደ ሁለቱ ከተሞች ሆስፒታሎች ትላካለች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ቁስሏ ሳይጠግ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሕመሟ በሚገባ ካልቀነሰ በጥልቀት ለመተንፈስ፣ ለማሳል፣ ቶሎ ተነሥቶ ለመራመድና ልጇን ለማጥባት ትቸገራለች። ስለዚህ ማስታገሻው በየትኛው መንገድ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ከምቾት ያለፈ ነው።

የአሰጣጥ መንገዶች

ለወሊድ ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚመረጠው በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ ነው። ቡፒቫኬይን ብቻውን ከሆነ ኃይሉ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል፤ 100 ማይክሮ ግራም ያህል፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ሞርፊን ሲታከልበት ግን ማስታገሡ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። ማሳከክንና ማስመለስን፣ አልፎ አልፎም የትንፋሽ መድከምን ስለሚያስከትል የቅርብ ክትትል ይሻል።

በጡንቻ የሚወጋው ዳይክሎፌናክ፣ ትራማዶል ወይም ፔቲዲን ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። ሆኖም መርፌው ራሱ ያማል፤ መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበት ፍጥነትም ከሰው ሰው ይለያያል። ‹‹ሲያምሽ ንገሪን›› በሚል ልማድ ሲሰጥ ደግሞ እናቲቱ እስክትናገር፣ ነርሷ እስክትደርስና መድኃኒቱ እስኪሠራ ሕመሙ ይበረታል። ሕመምን ችሎ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት በሚታይበት ማኅበረሰብ፣ ዝምተኛዋ እናት ከሁሉ ያነሰ ማስታገሻ ልታገኝ ትችላለች።

በደም ሥር የሚሰጠው ፈጥኖ ይደርሳል፤ የሞርፊን ዓይነቶቹ በዚህ መንገድ ሲሰጡ ግን ትንፋሽን የማዳከም አደጋቸውም ፈጥኖ ይመጣል። ታካሚዋ ራሷ አዝራር ተጭና በተገደበ መጠን የምትወስድበት ፓምፕ ከተለመደው የመርፌ አሰጣጥ በመጠኑ የተሻለ ማስታገሻና እርካታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ማሽን፣ ተስማሚ ዕቃና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። የሆድ ግድግዳን ነርቮች በመርፌ ማደንዘዝም ጠቃሚ ነው፤ በተለይ በጀርባ ሞርፊን ላላገኘች እናት።

በአፍ የሚወሰደው እንክብል ርካሽና ቀላል ነው። እናቲቱ መዋጥ ከቻለች ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳይበልጥ፣ ከኢቡፕሮፌን ጋር ቢሰጥ ሁለቱ በተለያየ መንገድ ስለሚሠሩ የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት ፍላጎትን ይቀንሳሉ። የደም መፍሰስ፣ የኩላሊት ችግር ወይም የጨጓራ ቁስለት ካለ ግን ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይመከሩም።

ወደ ቤት ስትመለስ

ከሆስፒታል ደጅ ውጭ የሚከተላት መንገድ እንክብል ብቻ ነው። ምርጫው ግን ጥንቃቄ ይሻል፦ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 (እ.ኤ.አ.) የሚያጠቡ እናቶች ትራማዶልንና ኮዴይንን እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል፤ መድኃኒቱ በወተት አልፎ የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላልና።

ማጠቃለያ

ከሁሉ የላቀው መንገድ የግድ ውድ መሣሪያ የሚጠይቀው አይደለም። በጀርባ ማደንዘዣ ላይ ሞርፊን ወይም የነርቭ ማደንዘዣ ማከል፣ ቀጥሎም የእናቲቱን ጥሪ ሳይጠብቁ ሰዓቱን ጠብቆ እንክብል መስጠት፣ መርፌንም ለሚበረታ ሕመም ማቆየት በአነስተኛ ሆስፒታል ሊተገበር የሚችል ቅደም ተከተል ነው። ሕመምን እንደ ሙቀትና እንደ ደም ግፊት በየጊዜው ጠይቆ መመዝገብ ደግሞ ለዝምተኛዋ እናት ድምፅ ይሆናል።