የቅጠል ጤና ልኬት የብርሃን ምጣኔ ይሻል

በውርጭ ወይም በሙቀት የተጎዳን ሰብል ቅጠሉ ቢጫ ከመሆኑ በፊት ለመለየት ከሚያግዙ ዘዴዎች አንዱ የክሎሮፊል ፍሎረሰንስ ልኬት ነው። ቅጠል ከተቀበለው ብርሃን ጥቂቱን ቀይ አድርጎ መልሶ ያወጣል፤ መሣሪያው የሚያነበውም ይህንኑ ነው።

ቅጠሉ በመጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በጨለማ ይቆያል። ከዚያም በደካማ የመለኪያ ብርሃን መነሻው፣ ለአፍታ በሚበራ ኃይለኛ ብርሃን ደግሞ ከፍተኛው ንባብ ይመዘገባል። ከሁለቱ የሚሰላው ውጤት በጤናማ ቅጠል 0.83 አካባቢ ነው።

የመለኪያው ብርሃን ከበዛ የመነሻው ንባብ ከፍ ይልና ጤናማው ሰብል የተጎዳ ይመስላል፤ አርሶ አደሩም ላላስፈላጊ ወጪ ይዳረጋል። ካነሰ ደግሞ ንባቡ ይዋዥቃል። በመሆኑም ባለሙያው አስቀድሞ በጨለማ በቆየው ቅጠል ላይ የመለኪያውን ብርሃን ብቻ አብርቶ ማየት ይኖርበታል። ንባቡ እየጨመረ ከሄደ ብርሃኑን መቀነስ፣ ከረጋ በዚያው መጠን ሁሉንም ማሳዎች መለካት ይገባል።